በእንቅርት ላይ ሐዘን

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገራችን ሰው፤ አንዱ መከራ ሳይለቀው ሌላው ሲደረብበት። ተረቱን የተረተው ሰው ሁለቱን ሕመሞች ያጣመራቸው ሁለቱም ባንገት ዙሪያ ስለሚያብጡና ለማንም ዓይን ስለሚታዩ ይመስለናል። ነገር ግን ካንገት ውስጥ ከምትገኝ ዕጢ ሊነሣ የሚችል፥ በዓይን የማይታይና በእጅ የማይዳሰስ ሌላ መከራ አለ፤ ይኸውም የመንፈስ ጭንቀት ነው። ዛሬ ሐኪሞቻችን ድባቴ ይሉታል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው መድኃኒት ተሰጥቶት አልለቅ ስላለ ድባቴና አንዳንድ ጊዜ ከበስተኋላው ተደብቃ ስለምትገኘው ስለዚች ትንሽ ዕጢ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍናቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ከሮቤ መዝገብ ቤት

እስቲ ለምሳሌ ያህል በሐሳባችን ወደ ሮቤ እንሂድ። የምንሄድባት ሮቤ የባሌዋ አይደለችም፤ ከአሰላ በስተ ምሥራቅ በአርሲ ደጋ ላይ የተቀመጠችው ናት። አገሩ ገብስና ስንዴ የሚያበቅል፥ ብርዱም ለእንግዳ የማይራራ ነው። ካንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ አንዲት የሠላሳ ዓመት ሴት ተቀምጣለች እንበል። ስም አንሰጣትም፤ ለምሳሌ የፈጠርናት እኛ ነንና። ነገር ግን እንደርስዋ ያለች ሴት በየወረዳው ስለምትገኝ፥ አንባቢ ሳያውቃት አይቀርም።

ይህች ጸሐፊ ዱሮ ፋይል ሲፈለግ ቁጥሩን ሳታይ ከመደርደሪያው የምታወጣ ነበረች። ካመት ወዲህ ግን ትናንት ያስገባችውን ደብዳቤ ዛሬ ፈልጋ ታጣዋለች። እንቅልፏ በዛ፤ ተኝታ ስትነሣም ድካሙ አብሯት ይነሣል። የምትበላው ሳይጨምር ሰውነቷ ጨመረ። ጠጕሯ ይረግፋል፤ ቆዳዋ ደረቀ፤ ድምፅዋ ጐረነነ፤ ሆዷም ይደርቃል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጥቶ ጓደኞችዋ ካፖርታቸውን ሲያወልቁ፥ እርስዋ በካፖርትዋ ላይ ጋቢ ትደርባለች። በሮቤ «በረደኝ» ያለ ሰው ማንን ያስደንቃል? ከሁሉ የከፋው ግን ደስታ የሚባል ነገር ከልቧ መጥፋቱ ነው። ሠርግ ተጠርታ አትሄድም፤ ለቅሶ ቤት ገብታም ዕንባ አይወጣትም።

አለቃዋ አስጠርተው፥ «አንቺ ልጅ፥ ምን ነካሽ? ሥራውን ጠላሽው እንዴ?» ይሏታል።

«ኧረ አልጠላሁም ጋሼ፤ እኔም ራሴን አላውቀው አልኩ» ትላለች።

«እንግዲህ በዚሁ ከቀጠልሽ ማስጠንቀቂያ መጻፌ አይቀርም።»

እናቷ «የሰው ዓይን ነው የበላሽ ልጄ» ብለው ጸበል ይወስዷታል። ጎረቤት ደግሞ «ስንፍና ነው» ይላል። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄደች፤ ድባቴ ነው ተባለችና ኪኒን ተሰጣት። ሁለት ወር ሳታቋርጥ ዋጠች፤ አልተሻላትም። ኪኒኑ ተለወጠላት፤ ሁለት ወር ደገመች፤ ያው ናት። ያን ጊዜ «የኔስ የሚድን አይደለም» ብላ መድኃኒቱንም ተስፋዋንም ባንድነት ጣለች።

ይሁን እንጂ የማይድን ነው ከመባሉ በፊት ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ ቀርቷል። ጥያቄው ያንገቷን ዕጢ የሚመለከት ነው።

አለቃዋና ጸሐፊዋ ዕጢ

ከማንቁርት በታች፥ በመተንፈሻው ቧንቧ ላይ፥ ክንፏን እንደ ዘረጋች ቢራቢሮ የተለጠፈች ዕጢ አለች። ሐኪሞች ታይሮይድ ይሏታል፤ ስታብጥ እኛ እንቅርት እንላታለን። በጤነኛ ሰው አንገት ላይ ክብደቷ ከ20 ግራም ብዙ አይርቅም። ሥራዋ በምግብ የገባውን አዮዲን የተባለ ንጥረ ነገር ከደም እየለቀመች ሆርሞን መሥራት ነው። ከሆርሞኖችዋ አንደኛው አራት፥ ሁለተኛው ሦስት የአዮዲን አቶሞች አሉት። እነዚህ በደም ተጭነው ወደ መላ አካል ይደርሳሉ፤ ልብ በምን ፍጥነት እንዲመታ፥ ሰውነት ምን ያህል ሙቀት እንዲያወጣ፥ አንጀት እንዴት እንዲንቀሳቀስ፥ አንጎልም ሥራውን በምን ፍጥነት እንዲሠራ ያዛሉ። ሆርሞኑ ሲያንስ ሁሉም ነገር ይዘገያል፤ አሳብም፥ ትዝታም፥ ደስታም ጭምር። ሲበዛ ደግሞ ልብ ይደልቃል፥ እጅ ይንቀጠቀጣል፥ ሰውነት ይከሳል፥ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ይህንንም «የነርቭ ጭንቀት ነው» ብሎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው።

የመሥሪያ ቤት ሥራ የሚያውቅ አንባቢ አሠራሩን በቀላሉ ይረዳዋል። አንጎል ሥር ፒቱታሪ የተባለች አተር የምታህል ዕጢ አለች። እርስዋ አለቃ፥ ታይሮይድ ጸሐፊ ናት እንበል። ሥራው ሲጓደል አለቃዋ «ምነው ዘገየሽ?» የሚል ማስታወሻ ትልካለች። መልስ ስታጣ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ፥ አሥረኛ ትጨምራለች። ይህ ማስታወሻ ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለው ሆርሞን ነው። ሐኪሙ ከክንድ ጥቂት ደም አስቀድቶ ማስታወሻዎቹን ያስቆጥራል። በጣም በዝተው ከተገኙ ጸሐፊዋ ደክማለች ማለት ነው፤ እጅግ አንሰው ከተገኙም፥ ብዙውን ጊዜ፥ ከታዘዘችው በላይ እየሠራች ነው ማለት ነው። እንግዲህ በወር ሙሉ ወሬና ግምት የማይለየው ነገር ባንዲት ብልቃጥ ደም ይለያል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይደርስ እንጠንቀቅ። አንገቱ ያበጠ ሰው ሁሉ ሆርሞን አንሶታል ማለት አይደለም፤ ብዙ እንቅርት ያለበት ሰው ሆርሞኑ ልክ ነው። በአንጻሩ ደግሞ አንገቱ ለዓይን ምንም ሳይታይበት ዕጢዋ የደከመችበት ሰው አለ። ሐካሩ ሐሺሞቶ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም በ1912 የገለጸው በሽታ ይህን ያደርጋል፤ ሰውነት የገዛ ዕጢውን እንደ ጠላት ቆጥሮ ቀስ በቀስ ያጠፋታል። በሽታው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝቶ ይይዛል። ስለዚህ ዓይን ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ከበግ አንገት የተገኘ ፈውስ

የዚህ ዕውቀት ታሪክ ከበግ ይጀምራል ብንል አልተሳሳትንም። በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ ወጣት ሐኪም በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አንዲት የ46 ዓመት ሴት ቀረበችለት። ፊቷ አብጦ፥ ንግግሯ ተጓቶ፥ ከሰው መገናኘት ጠልታ ነበር። ሐኪሙ ከበግ አንገት የታይሮይድ ዕጢ አስወጥቶ ጭማቂውን በመርፌ ሰጣት። በጥቂት ወራት ውስጥ ሴትዮዋ ተለወጠች፤ መድኃኒቱንም ሳታቋርጥ 28 ዓመት ጨምራ ኖረች። እስክትሞት ድረስ ከ800 የሚበልጡ በጎች ዕጢ ለርስዋ ውሏል ይባላል። በ1914 በገና ዕለት አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬንዳል ከዕጢው ውስጥ ዋናውን ሆርሞን ነጥሎ አወጣ። ዛሬ ሆርሞኑ በፋብሪካ ተሠርቶ ሌቮታይሮክሲን በሚባል ስም በትንሽ ኪኒን ይሸጣል፤ በግ ማረድ አያስፈልግም።

በ1949 ደግሞ ሪቻርድ አሸር የተባለ የለንደን ሐኪም የሕክምናውን ዓለም ያስደነገጠ ጽሑፍ አወጣ። የ14 ሕሙማንን ታሪክ ሰብስቦ ነበር። እነዚህ ሰዎች የአእምሮ በሽተኞች ተብለው ነበር፤ የሌለ ነገር የሚሰሙ፥ ሰው ሁሉ ያሳድደናል የሚሉ ነበሩባቸው። የታይሮይድ መድኃኒት ሲሰጣቸው አብዛኞቹ ወደ ልቦናቸው ተመለሱ። የአሸር ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ሰውን የአእምሮ በሽተኛ ብሎ ከመዝጋት በፊት አንገቱን መመልከት ይገባል።

ደጋና ጨው

ይህ ነገር ለአርሲና ለሌላው ደጋችን ለምን በተለይ ይነገራል? ምክንያቱ መሬቱ ነው። አዮዲን በብዛት የሚገኘው በባሕር ነው። በተራራ አገር ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ሲያጥቡት አዮዲኑን ይዘውት ይወርዳሉ፤ በዚያ መሬት የበቀለው ገብስም፥ በዚያ ሣር ያደገችው ላምም ያው ይጎድላቸዋል። የባሕር ዓሣ የማይበላ ደገኛ ጉድለቱን የሚሞላበት መንገድ የለውም። ዕጢዋም የጎደለውን አዮዲን ለመልቀም ስትጣጣር ታብጣለች፤ እንቅርት የሚሆነው እንዲህ ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን በብዙ ደጋ አንገታቸውን የተነቀሱት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ንቅሳት እንቅርትን ይከላከላል የሚል እምነትም ነበረበት።

በ1993 የታተመ በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ከ35 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎችን መርምሮ፥ ከ100 ተማሪዎች 31 በሚያህሉት ላይ እንቅርት ማግኘቱን ገልጿል። ነገሩ ያንገት ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዮዲን በጽኑ ያነሳት እርጉዝ ሴት የምትወልደው ልጅ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል።

መፍትሔው ጨው ሆኖ ተገኘ። ስዊስ በ1922፥ የአሜሪካው ሚሺጋን ግዛት በ1924 በጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀመሩ፤ እንቅርትም እየጠፋ ሄደ። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ የዕድሜ ልኩ ቢደመር ካንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። በኛም አገር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከቀይ ባሕር ዳርቻ በሚመጣው ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ተጀምሮ ነበር። ከኤርትራ ጋር ከ1998 እስከ 2000 በተደረገው ጦርነት ያ መንገድ ተዘጋ፤ ገበያውንም በአፋር ከአፍዴራ የሚወጣው፥ አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው ያዘው። በ2011 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤቶች በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ አወጣ። በ2016 ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 ከፍ ብሎ ተገኘ። ካንድ ደንብ እንዲህ ያለ ለውጥ መገኘቱ የሚያኮራ ነው።

ይሁን እንጂ አዮዲን በቀላሉ የሚበን ነገር ነው። ጨውን አጥቦ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ፥ ወይም ሳይከድን ከምድጃ አጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው አዮዲኑን በገዛ እጁ ይጥለዋል። ጨው በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ወጥ ውስጥም በመጨረሻ ይጨመር።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ጨው እንቅርትን ይከላከላል እንጂ የያዘን ድባቴ አያድንም። ድባቴ ስላለብኝ ጨው ላብዛ የሚል ሰው የደም ግፊት ከመጨመር በቀር ትርፍ የለውም።

ድባቴው አልለቅ ሲል

ሐኪሞች ድባቴን እምቢተኛ የሚሉት ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች በበቂ መጠንና በበቂ ጊዜ ተወስደው ሳይሻል ሲቀር ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ «በበቂ» የሚለው ቃል ከሁሉ ይከብዳል። የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን በዕለቱ አይሠራም፤ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። በአሥር ቀን ያቋረጠ ሰው መድኃኒቱ እምቢ አለኝ ሊል አይገባውም። ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም አስቀድሞ ይጠይቃል፤ በየቀኑ ተወስዷል? መጠኑ በቂ ነበር? አረቄና ጫት አለበት? የደም ማነስስ? ከነዚህም ጋር የታይሮይድ ምርመራ ያዛል፤ ዕጢዋ ደክማ ሳለ የድባቴው መድኃኒት ብቻውን ሲደክም ይኖራልና።

ነገሩ በሌላም በኩል ይገናኛል። ሊቲየም የተባለው መድኃኒት ስሜታቸው ከልክ በላይ እየወጣ እየወረደ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች፥ እምቢተኛ ድባቴም ላለባቸው ይሰጣል። ይኸው መድኃኒት ግን ራሱ ታይሮይድን ሊያደክም ይችላል። ስለዚህ ሊቲየም የሚወስድ ሰው በየስድስት ወሩ ያህል ዕጢውን ቢያስመረምር ይገባዋል።

አንባቢ «እንግዲያው የታይሮይድ ኪኒን ለድባቴ ሁሉ ለምን አይሰጥም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሊቃውንት ይህን ሞክረውታል። በ1969 አሜሪካዊው አርተር ፕሬንጅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፥ ሦስት አዮዲን ያለውን ሆርሞን በጥቂቱ ከድባቴ መድኃኒት ጋር ሲሰጡት ሕመምተኛው ፈጥኖ እንደሚሻለው ገለጸ። በ2006 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት ደግሞ ሁለት ሕክምና ያልረዳቸውን 142 ሰዎች ወስዶ፥ ለከፊሎቹ ይህን ሆርሞን ለከፊሎቹ ሊቲየም ጨመረላቸው። ከሆርሞኑ ተካፋዮች ከ100 ወደ 25፥ ከሊቲየሙ ከ100 ወደ 16 የሚሆኑት ከድባቴው ነጻ ወጡ። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ስለሚችል አንዱ ካንዱ ይበልጣል ለማለት አይበቃም። ተስፋ አለበት፤ ተአምር ግን አይደለም። ደግሞም ዕጢው ጤነኛ የሆነ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይህን ኪኒን ቢውጥ ልቡን ይጎዳል፥ አጥንቱንም ያሳሳል። ለመክሳት ብለው የሚውጡት ሰዎች ስላሉ ይህን አጥብቀን እንናገራለን።

ቡናው ትንሽ ይቆይ

ምርመራው ዕጢዋ መድከሟን ካሳየ ሕክምናው ቀላል ነው፤ ሥርዓት ግን ይፈልጋል። ሌቮታይሮክሲን ጧት በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ይዋጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቁርስ ለመብላት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ቡናም የዚያን ያህል መቆየት አለበት፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳልና። ቡና ተፈልቶ ቤቱን ሽታው ሲያውደው ይህን ትእዛዝ መጠበቅ ቀላል አለመሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን መድኃኒቱ አልሠራልኝም ከሚሉት ውስጥ ምክንያታቸው አንዲት ስኒ ቡና የሆነ አሉ። የብረትና የካልሲየም ኪኒን ደግሞ በአራት ሰዓት ይራቅ።

ለውጡ ባንድ ቀን አይታይም። ደሙ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ይመረመራል፤ መጠኑም በዚያ ይስተካከላል። ሽማግሌዎችና የልብ ሕመም ያለባቸው በጥቂት ይጀመርላቸዋል። አብዛኛው ሰው መድኃኒቱን ዕድሜ ልኩን ይወስደዋል፤ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። ጸበል የሚጠመቅም ዱዓ የሚያስደርግም ሰው እምነቱን ይያዝ፤ ኪኒኑን ግን አይጣል። ሁለቱ የሚጣሉበት ምክንያት የለም።

የሮቤ ሰው ባቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይጀምር። የደም ምርመራው እዚያ ካልተገኘ ሪፈር አጽፎ በአሰላ ወዳለው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል መሄድ ይችላል። በአዲስ አበባም ለብዙ ዘመን ያገሪቱ ዋና የአእምሮ ሕክምና ቤት ሆኖ የኖረው አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሞት የሚያስመኝ አሳብ የመጣበት ሰው ግን ምርመራም ቀጠሮም አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ለሚያምነው ሰው ይንገርና ሐኪም ቤት ይሂድ።

ወደ መዝገብ ቤታችን ስንመለስ

ጸሐፊያችን ደሟን ብትሰጥ ውጤቱ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ማስታወሻዎቹ በዝተው ከተገኙ በኪኒን ዕጢዋ ትታገዛለች፤ ወራት ካለፉ በኋላ ፋይሉን እንደ ዱሮው ከመደርደሪያው ማውጣቷን እናይ ይሆናል። ማስታወሻዎቹ ልክ ሆነው ከተገኙ ደግሞ ድባቴዋ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ያን ጊዜም ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክላል፥ መድኃኒቱን ይለውጣል ወይም ይደርባል፥ የምክር ሕክምናም ይጨምራል። ዕጢዋ ጤነኛ ስለሆነች ሕመሙ ውሸት ነበረ አያሰኝም። በሁለቱም መንገድ «የኔስ የሚድን አይደለም» የሚለው ፍርድ ይሻራል፤ ያለ ምስክር የተፈረደ ነበርና።

አንባቢ ሆይ፥ አንተ ዛሬ ተማሪ ወይም ጀማሪ ሠራተኛ ብትሆን፥ ነገ ያንድ ክፍል ኃላፊ መሆንህ አይቀርም። አንድ ቀን፥ ትጉ የነበረች ሠራተኛ ደብዝዛ፥ በእኩለ ቀን ጋቢ ደርባ ታያት ይሆናል። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ለመጻፍ ወረቀት ከማውጣትህ በፊት አስቀምጣትና «እኅቴ፥ ሐኪም አይቶሽ ያውቃል ወይ? ደምሽን ተመርምረሻል?» ብለህ ጠይቃት። ለምርመራውም የአንድ ቀን ፈቃድ ስጣት።